በሾፌሩ በኩል

ለቤተሰቡ አባላት፣ ለቅርብና ለሩቅ ጎረቤቶች፣ እንዲሁም ነገሩ ጨርሶ ለማይመለከታቸው ሁሉ፦ ግራጫዋ መኪና ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ካለችበት ከፍታ አራት ጣት ዝቅ ብላ እንደምትሄድ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል።

አዋጁ የተነገረው በምሳ ሰዓት፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አዋጅ ነጋሪው ባለጉዳዩ ራሱ ሲሆን፣ ሰፈሩ በቅጥነቱ የተነሳ ሸንበቆ ይለዋል። ታዳሚው እናቱና ታላቅ እህቱ ብቻ ነበሩ። እናቱ ጨው አቀብለኝ አሉት። እህቱ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ ሰው አባቱን በቀበረ በማግስቱ እንዲህ ያለ ነገር ያስባል ወይ ብላ ጠየቀችው። ማግስቱ አልነበረም፤ ወራት አልፈዋል። ግን እህቱ ስትናደድ የቀን መቁጠሪያ አትመለከትም።

ሸንበቆ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ፊቱ የተደረደሩ የጂብሰም ድዶችን እያየ፣ የላይኛው ከታችኛው ሲገጥም ፀጉር የምታህል ክፍተት እንዳትቀር ሰም ሲያቀልጥና ሲሞርድ ይውላል። እንዲህ ያለ ዓይን የተሸከመ ሰው፣ በጎማውና ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት እያየ ሰላም አያገኝም። ከልጅነቱ ጀምሮ ያቺ ክፍተት የወለቀ የፊት ጥርስ ትመስለው ነበር። አባቱ በሕይወት ሳሉ ግን ግራጫዋን መንካት ቀርቶ አትኩሮ ማየትም ያስቆጣ ነበር።

አባቱ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰውን ጭነት ሲመዝኑ ኖረው፣ የራሳቸውን ክብደት ግን ደፍሮ ያነሳባቸው የለም። ግዙፍ ነበሩ። ወንበር ሲሰጧቸው ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን በዓይናቸው ያዋዩታል። ከግራጫዋ ሲወርዱ ታዲያ በሾፌሩ በኩል ያለው የፊት እግሯ ረጅም የተጎተተ ድምፅ ያወጣል፤ «እእእህ» ይላል፣ ቆሞ የዋለ ሰው ጫማውን ሲያወልቅ እንደሚለው። ሰውዬው የቤት ቁልፍ ይዘው አያውቁም። አመሻሽ ላይ ያ ድምፅ ሲሰማ እናቱ ይነሳሉ፣ የበረንዳውን መብራት ያበራሉ፣ በሩን ይከፍታሉ። በዚያ ቤት ደወል ማለት ይኸው ነበር።

አባቱ ሥራ ላይ፣ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ አረፉ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ችሏቸዋል። መኪናዋን የሥራ ባልደረባቸው አምጥቶ በመስኮቱ ሥር አቆማት። ለቅሶው አልቆ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ስትገባ፣ ማንም ያልገባባት ማንም ያልወረደባት መኪና «እእእህ» አለች።

እናቱ ተነሱ። መብራቱን አበሩ። በሩን ከፍተው ትንሽ ቆሙ። ዘጉት፤ ተመልሰው ተቀምጠው ራታቸውን በሉ።

በነጋታው እንደዚያው። ከዚያም በኋላ። ሸንበቆ ቀን የጋለ ብረት ማታ ሲቀዘቅዝ ይንጫጫል ብሎ ለቤተሰቡ ሳይንሳዊ ማብራሪያ ሰጠ። ማብራሪያው ሰማዩ ጠቁሮ ከጧት እስከ ማታ የዘነበበት ቀን እስኪመጣ ድረስ በደንብ አገለገለ። በዚያ ቀን ብረቱ የሚግልበት አንዳች ምክንያት አልነበረውም። ድምፁ ግን ሰዓቱን አልሳተም። ሸንበቆ ክንዱ ላይ የቆመውን ፀጉር በእጅጌው ሸፍኖ ዜና ከፈተ።

እህቱ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ለሁሉም ነገር መድኃኒት አላት፤ ለዚህኛው ያዘዘችው ሽያጭ ነበር። እማዬ እየታመመች ነው፣ ለሞተ ሰው በር የምትከፍት ሴት ጤነኛ አይደለችም፣ መኪናዋ ካልሄደች አትድንም አለች። ገዢም አግኝታለች፤ ሰውዬው ለሥራ ወጣ ብሏል፣ እንደተመለሰ ይወስዳታል። ሸንበቆ ግራጫዋን አሳልፎ መስጠት ከቶ አልሆንልህ አለው። የአባቱ ነገር ከልብስ በቀር የቀረው እሷ ብቻ ነበረች፤ ልብሱ ደግሞ ሁለት ሸንበቆ ያስገባል። ስለዚህ ተደራደረ። ድምፁን እኔ አጠፋዋለሁ፤ ከጠፋ አትሸጥም። እህቱ እሺ አለች። የመኪናዋ እግር ከነሥሩ ተነቅሎ ሌላ ይገባላታል ማለት ነው። ሌላ ከገባ አይቀር ደግሞ ዝቅ ያለ ቢሆን ማንን ይጎዳል? አዋጁ የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ያማከረው ዶክተር ጎማን ነው። ዶክተር ጎማ የትም አልተመረቀም፤ ሰፈሩ ውስጥ ዝቅ ያለች መኪና ያለችው እሱ ብቻ ስለሆነ ማዕረጉ በዚያ ተሰጠው። ምክሩ አጭር ነበር፦ ሞላውን ሁለት ዙር በመቁረጫ ቁረጠው፣ በቃ። የራሱም የተሠራችው እንደዚያ ነው። መንገድ ላይ ጉብታ ባየ ቁጥር ተሳፋሪዎቹን አስወርዶ ባዶውን ይሻገርና ማዶ ላይ ይጠብቃቸዋል።

ሁለተኛው የአባቱ መካኒክ ነበሩ፤ የእግር ሐኪም ይሏቸዋል፣ ከሞላና ከሾክ ሌላ ስለማይነኩ። ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ምርጫዎቹን አንድ ባንድ አብራሩለት። የተቆረጠ ሞላ መቀመጫው ላይ አይረጋም፤ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ከቦታው ይወጣል። አጭር ሞላ ገዝቶ አሮጌውን ሾክ መተው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ የሞላውን ዝላይ የሚይዘው ሾኩ ነው፣ እሱ ለረጅም የተሠራ ስለሆነ ሁልጊዜ ታች እየነካ አንድ ክረምት ሳይሞላው ያልቃል። በአየር የሚነፋም አለ፤ ጧት ስትወጣ ተንፍሶ መሬት ላይ ተኝቶ ካገኘኸው ግን ለእኔ አትደውል አሉት። የቀረው ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ ተገጥሞ የሚመጣው ነው፤ አንገቱ ላይ ጥርስ ያለው ቀለበት አለው፣ ቀለበቱን ስታዞረው መኪናዋ በፈለግከው ልክ ከፍና ዝቅ ትላለች።

ሸንበቆ ቀለበቱን በጣቱ አዞረ። ፀጉር በምታህል ልክ ወረደ። በፍቅር ወደቀ።

አራት ጣት ሲል የእግር ሐኪሙ ሁለት አሉ። ዝቅ ማለት አምሮት ነው፣ ከዚያ በኋላም መኪና ሆኖ መቆየት ግን ግዴታ ነው፤ አራተኛዋን ጣት ለቀለበትህ አስቀምጣት ብለው ሳቁበት። በሦስት ጣት ተስማሙ።

ስለ ድምፁም ጠየቃቸው። ሽማግሌው ወዲያው አወቁት። የሞላው ራስ የሚያርፍበት ላስቲክ ደርቆ ነው አሉ። የሚጎዳው ነገር የለም፣ መጮህ ብቻ ነው። መኪናዋ በመጣች ቁጥር ግሪስ ልቀባው ይሏቸው ነበር፤ አባቱ ግን «ተወው» ከማለት ሌላ ቃል ተንፍሰው አያውቁም። ለምን ቢሏቸው «ተወው»። በነጻ ልቀይርልዎ ቢሏቸውም «ተወው»።

አሮጌው እንዲወጣ፣ አዲሱ እንዲገባ ተነጋገሩ። ሸንበቆ ለአንድ ሙሽራ ሁለት የፊት ጥርስ ማድረስ ነበረበትና መኪናዋን ትቶ ሄደ። ማታውኑ ሰርግ አለ፤ ሙሽራው ቀኑን ሙሉ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ይጠብቀዋል። ሸንበቆ ጥርሶቹን ገጥሞ፣ ሙሽራው በመስታወት ፊት ሲስቅ አይቶ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

ግራጫዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ከክሪክ ወርዳለች። ዝቅ ብላለች፤ አምሮባታል። ሸንበቆ ፈገግ እያለ ሲጠጋ በኋላ መስታወቷ በኩል ትከሻ አየ።

የሾፌሩ ወንበር ላይ ሰው ተቀምጧል። ሰፊ ትከሻ፣ አጭር አንገት፣ ወደ በሩ ያዘመመ፣ ቀበቶውን ያሰረ። ሸንበቆ የመሣሪያ ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

ሁለት ጆንያ ነበር፣ አንዱ በሌላው ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት አባቱ ለእግር ሐኪሙ፣ ባዶ መኪና ሚዛን ላይ ውሸታም ነው፣ መኪና የሚለካው ከነባለቤቱ ነው ብለው ነበር። የሚዛን ሰው ናቸውና ሽማግሌው አመኗቸው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ጋራዥ የማንም መኪና ከፍታ ባለቤቱ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ አይለካም። አባቱ ግን ግማሽ ቀን ተገትረው የሚቀመጡበት ጊዜ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሁለት ጆንያ አሮጌ ቡሎን ሞልተው፣ ወደ ሥራ ቦታቸው አስጭነው፣ ከራሳቸው ጋር እኩል እስኪሆን መዘኑት። ጆንያዎቹ ጋራዡ ጥግ ተቀመጡ። ስማቸውም «ጋሼ» ሆነ። ጋሼን አምጡ፣ ጋሼን አስሩ፣ ጋሼን አውርዱ ይባላል።

ዛሬም ግራጫዋ ስትመጣ ጋሼ ወጡና ተቀመጡ። እንደ ወትሮው።

የእግር ሐኪሙ የልጁን ፊት ሲያዩ ነው ያደረጉት የገባቸው። ግንባራቸውን መቱ። «ይቅር በለኝ ልጄ፤ እጄ ነው የለመደው፣ እኔ አላሰብኩትም» አሉ። ጆንያዎቹን ራሳቸው ተሸክመው አወረዱ። የመጨረሻው ሲወጣ በሾፌሩ በኩል መኪናዋ ቀስ ብላ ከፍ አለች፤ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ከመቀመጫ ብድግ እንደሚባለው። ሸንበቆ ገብቶ ተቀመጠ። ግራጫዋ አላወቀችውም፤ እምብዛም ዝቅ አላለችም። በሾፌሩ በኩል ክፍተቱ ሰፊ፣ በሌላው በኩል ጠባብ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌው ነገ ተመለስ፣ ቀለበቱን በልክህ አዞርልሃለሁ አሉት። እሺ አለ። ማታ ደርሶ ነበርና እንደተንጋደደች ይዟት ወደ ቤት ሄደ።

ሰፈሩ አደነቀ። ዶክተር ጎማ በዙሪያዋ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ተንበርክኮ ሥሯን አይቶ፣ በሾፌሩ በኩል ትንሽ ኩራት አለባት ብሎ የሚተች ነገር በማግኘቱ ተጽናንቶ ሄደ።

ፀሐይ ገባች። ድምፅ አልመጣም።

እህቱ ወንድሟን ትከሻው ላይ መታ መታ አደረገችው። አየህ፣ አለቀ አለችው። እናቱ ወንበራቸው ላይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ተቀምጠዋል። አልተነሱም። የበረንዳው መብራት አልበራም። ራት ቀረበ፤ ሳህናቸውን ትንሽ ገፋ አድርገው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ቆይተው «ዛሬ አመሸ» አሉ።

በማግስቱም አልበሉም። በሦስተኛው ቀን እህቱ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ከፋርማሲው ይዛ መጣች። መላመድ ነው፣ ሰውነቷ ከድንጋጤው እየወጣ ነው አለች። ሸንበቆም ማመን ፈለገ። ወደ እግር ሐኪሙ ሊመለስ ያሰበውንም ዛሬ ነገ እያለ አሳለፈው። ከዚያ አንድ ከሰዓት እናቱ ልብስ ሲያጥፉ ቀና ሳይሉ ጠየቁት።

«መኪናዋን ምን አደረግካት?»

«ዝቅ አደረግኳት፣ እማዬ። ነግሬሽ የለ?»

«ነግረኸኛል።» አንድ ሸሚዝ አጠፉ፤ የአባቱ ነበር፣ አሁንም ያጥቡታል። «ሲደርስ ይነግረኝ ነበር እኮ። አሁን መድረሱን በምን ልወቅ?»

ታማለች እያሉ ሲማከሩ የከረሙት ሁለት የተማሩ ልጆች፣ እናታቸው በሩን ከፍተው ሲመለሱ በደንብ እንደሚበሉ አንዱም ልብ አላለም።

የዚያን ዕለት ፀሐይ ልትገባ ስትል ወደ ግቢ ወጣ። ለምን እንደወጣ ቢጠየቅ መኪናዋን ሊያብስ ነው። ጨርቅ ይዟል። ከፊት ለፊት ቆሞ ሲያያት መጀመሪያ ምን እንደተለወጠ አልገባውም፤ ብቻ አፍ ውስጥ በትክክል የገባ ጥርስ ሲያይ የሚሰማው እርካታ ተሰማው። ኋላ ገባው። አልተንጋደደችም። በዚህ በኩል ጎንበስ ብሎ ጣቱን አስገባ። በዚያ በኩል ዞሮ አስገባ። እኩል ነው። ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

ጧት ሲያያት ተመልሳ ተንጋድዳለች።

ዓይኔ ነው አለ። ቀኑን ሙሉ በሥራ ቦታው ዓይኔ ነው ሲል ዋለ። ወደ ቤት ሲመለስ ግን ኪሱ ውስጥ ለንክሻ መለኪያ የሚጠቀምበት ለስላሳ ሰም ነበር። ሰሙ በሰው የላይኛና የታችኛ ጥርስ መካከል ይገባል፣ ሰውዬው ይነክሰዋል፣ የነከሰበት ልክ ይቀራል፤ አይዋሽም። ፀሐይ ሳትገባ፣ በሾፌሩ በኩል ጎማው ጫፍ ላይ አቁሞ እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ድረስ በልኩ ሞላው። ቤት ገባ። በመጋረጃው ጠርዝ በኩል ሲያይ ቆየ። ግቢው ደብዘዝ አለ። ድመት እንኳ አላለፈም። እናቱ ከኋላው በጨለማ ተቀምጠዋል፤ ራታቸው አልተነካም።

ወጥቶ ሰሙን አየ። ተነክሷል። ጠፍጣፋ ሆኖ ጎማው ላይ ተለጥፏል።

ሸንበቆ ከመኪናዋ ጎን ቆሞ ቀረ። አፍንጫው ሥር ያለው የሾፌሩ በር መስታወት በውስጥ በኩል ትንሽ ጉም ለብሷል። ያን ጊዜ የመጣበት ሐሳብ ከፍርሃትም የባሰ ነበር። አባዬ ይመጣል። በየምሽቱ በሰዓቱ ይመጣል፤ ይቀመጣል። አዲሱ ላስቲክ ለስላሳ ነው፣ አይናገርለትም። ቁልፍ የለውም። ማንም አይከፍትለትም። እስኪነጋ እዚያው ተቀምጦ ያድራል፣ በራፉ ላይ፣ ራሱ ልጁ አፉን ዘግቶበት።

ጧት ጋራዡ ከመከፈቱ በፊት ደርሶ በሩ ላይ ቆመ።

የእግር ሐኪሙ ቀለበቱን ሊያዞሩ መስሏቸው መፍቻቸውን አነሱ። አይደለም፣ አሮጌው ይመለስልኝ አላቸው። ሽማግሌው ሰሙ፤ ደግመው አስባሉት። መጀመሪያ ሌላ መንገድ ፈለገ፦ አሮጌውን ላስቲክ ብቻ ከአዲሱ ጋር መግጠም አይቻልም? አይቻልም። የአዲሱ ራስ ጠባብ ነው፣ ላስቲኩ ሰፊ ነው፤ ይዋልላል። ሸንበቆ ወጥቶ ግራጫዋን አያት። በጧት ብርሃን ሦስት ጣት ዝቅ ብላ፣ ጎማዎቿ ፓራፋንጎው ሥር ገብተው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያልማት የነበረችውን መስላ ቆማለች። ዶክተር ጎማ የቀናባት መኪና። ትንሽ አያት። ተመልሶ ገባና ሁሉንም ይመልሱት አለ፣ አራቱንም እግር።

አሮጌው በጥግ ነበር፣ ከጋሼ ጎን። ሽማግሌው የደረቀውን ላስቲክ አንስተው በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ድምፁን አሰማ። እንግዲህ እጄ ላይ እያለ ግሪስ ልቀባውና ይረፍ አሉ።

«ይተዉት» አለ ሸንበቆ።

የእግር ሐኪሙ ቀና ብለው አዩት፣ ረጅም ጊዜ። ለምን ብለው አልጠየቁም። ያንን ጥያቄ በዚህ ቤተሰብ ላይ ድሮ ጨርሰውታል።

ግራጫዋ እንደ ድሮዋ ከፍ ብላ፣ ጡጫ የምታስገባ ክፍተቷን ገልጣ ሰፈር ገባች። ዶክተር ጎማ መንገድ ዳር ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ፤ ሬሳ እንደሚያልፍበት ሰው አንገቱን ደፋ። ቤት ውስጥ እህቱ ጠበቀችው። ገዢው ተመልሷል አለች። ቃልህን አንተ ነህ ያፈረስከው፣ ድምፁ ጠፍቶ ነበር፣ እማዬ ልትድን ነበር፣ አሁኑኑ እደውልለታለሁ አለች። ስልኩን አነሳች። ሸንበቆ ራት አቀረበ።

ብርሃኑ ከመስኮቱ ላይ ሸሸ።

«እእእህ» አለች ግራጫዋ።

እናቱ ተነሱ። ቀሚሳቸውን በመዳፋቸው አስተካከሉ። የበረንዳው መብራት በራ። በሩን ከፈቱ፤ ከዚያ፣ ልጆቹ እስከ ዛሬ ከኋላ እያዩ ልብ ያላሉትን ነገር አደረጉ። ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ሆዳቸውን ሰብስበው፣ ክንዳቸውን አጥፈው፣ በጠባብ በር ወፍራም ሰው እንደሚያሳልፉ ሆነው ቆሙ። ቀዝቃዛ አየር ገብቶ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ አነሳ። የጠረጴዛው ራስ ላይ ያለው የአባቱ ወንበር፣ ማንም ሳይነካው፣ አንዴ ሲጥ የሚል ድምፅ አሰማ።

እናቱ በሩን ዘጉ። ቁጭ አሉ። ቆርሰው ጎረሱ፤ ደግመው ጎረሱ። ጨው አቀብለኝ አሉ።

እህቱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ደፍታ አስቀመጠችው። ጨዉን ራሷ አቀበለች። ወንበሩን አላየችም፤ ሁላቸውም አላዩትም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወንድሟን ጠየቀችው።

«ለምንድን ነው የመለስካት?»

«አልናገርም» አለ ሸንበቆ፤ ሳህኑንም ወደ ራሱ ሳበ።